ለማን ብለን እናገለግላለን? የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ሕይወት



በየቁምስናችን ሕሙማንን የሚጠይቁ፣ ለችግረኛ ቤተሰብ እህልና ልብስ የሚያሰባስቡ፣ ሕፃናትን የሚያስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች ጥቂቶች አይደሉም። ስለ ሥራው ብዛትና ስለሚጎድለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ እንነጋገራለን፤ ሥራውን ስለምንሠራበት ምክንያት ግን የምንነጋገረው አልፎ አልፎ ነው። ለምን እናገለግላለን? ለማንስ ብለን? ስማችን ሳይጠራ ሲቀር የሚሰማን ቅሬታ ከየት ይመጣል? ጌታችን በተራራው ስብከቱ ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም ለሰው ዓይን ሲባል ከተደረጉ በሰማይ ዘንድ ዋጋ እንደማይኖራቸው አስጠንቅቋል። ይህ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ክፉ ለሚሠሩ ሳይሆን መልካም ለሚሠሩ መሆኑን ልብ ልንል ይገባናል።

ስለዚህም በዚህ እትም የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልን ሕይወት እናቀርባለን። እርሱን የመረጥንበት ምክንያት በዓለም ሁሉ የድኾች አባት ተብሎ ስለሚታወቅ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም አገልግሎቱን በቀና ሐሳብ ያልጀመረ፣ እግዚአብሔር ግን ልቡን ቀስ በቀስ ያነጻለት ሰው በመሆኑ ነው። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የገበሬው ልጅ ምኞት

ቪንሰንት በ1581 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በዳክስ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ፑዊ በምትባል መንደር ተወለደ። ከስድስት ልጆች ሦስተኛው ሲሆን፣ በልጅነቱ የአባቱን በጎችና አሳማዎች ይጠብቅ ነበር። አባቱ ዣን ደ ፖል ልጁ አእምሮው ብሩህ መሆኑን ባየ ጊዜ በዳክስ ከሚገኙት የፍራንቸስካውያን መነኮሳት ዘንድ እንዲማር ላከው። በዚያን ዘመን በፈረንሳይ ለድኻ ልጅ ክህነት የእንጀራ መንገድም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሹመት ያገኘ ካህን ከሹመቱ ጋር የተያያዘ ገቢ ስለሚያገኝ ወላጆቹንና ወንድሞቹን ከችግር ሊያወጣ ይችል ነበር። የቪንሰንት ቤተሰብም ይህንኑ ተስፋ ያደርግ ነበር።

በትምህርት ቤት ሳለ አንድ ቀን አባቱ ሊጠይቀው መጣ። ሰውየው እግሩ የሚያነክስ፣ ልብሱም የገበሬ ልብስ ነበር። ልጁ በጓደኞቹ ፊት ስላፈረ ወጥቶ ሊያነጋግረው ፈቃደኛ አልሆነም። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ስሙ በመላ ፈረንሳይ ከታወቀ በኋላ፣ ቪንሰንት ይህን ኃጢአቱን በማኅበሩ አባላት ፊት ራሱ እያነሣ ይናገረው ነበር።

አባቱ ጥንድ በሬዎቹን ሸጦ ልጁን በቱሉዝ ከተማ ነገረ መለኮት እንዲማር አደረገ። በመስከረም 23 ቀን 1600 ዓ.ም. ቪንሰንት ክህነትን ተቀበለ። ዕድሜው ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነበር፤ የትሬንት ጉባኤ ግን ለክህነት የወሰነው ዕድሜ ሃያ አራት ዓመት ነው። ከዚያም በኋላ ለአሥር ዓመታት ያህል ጥሩ ገቢ ያለው ሹመት ሲፈልግ ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተተ። በ1605 እና በ1607 ዓ.ም. መካከል በባሕር ወንበዴዎች ተማርኮ በቱኒዝ በባርነት እንደ ኖረ በደብዳቤው ጽፏል፤ የታሪክ ሊቃውንት ግን በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከዚህ በኋላ ሮማን ጎብኝቶ በ1608 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ገባ።

በየካቲት 1610 ዓ.ም. ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም አለ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ የምናገኘው በቅርቡ ሹመት አግኝቶ፣ የቀረውን ዘመኑን በእናቱ አጠገብ በክብርና በዕረፍት ሊያሳልፍ የሚመኝ ካህን ነው። እናትን መጦር መልካም ነገር ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ክህነቱ የሌሎች መዳኛ መሆኑ ቀርቶ የራሱ መኖሪያ ሆኖ ነበር። መልካም ነገር ለመልካም ምክንያት እየተደረገ መስሎ፣ ቅዱሱ ነገር የሌላ ነገር መሣሪያ ሲሆን የምናየው እዚህ ላይ ነው።

የልብ መንጻት

እግዚአብሔር ግን ይህን ሰው አልተወውም። በፓሪስ አብሮት በአንድ ቤት የተቀመጠ ዳኛ ገንዘቡ ስለጠፋበት ቪንሰንትን በሌብነት ከሰሰው፤ ክሱንም በየሰው ፊት አወራው። ቪንሰንት ራሱን ለማጽደቅ ብሎ ሌላውን አልከሰሰም፤ እውነቱን እግዚአብሔር እንደሚያውቅ ተናግሮ ዝም አለ። ከዓመታት በኋላ እውነተኛው ሌባ ተገኝቶ ጥፋቱን አመነ። ለመልካም ስም ሲጨነቅ የኖረው ወጣት ካህን፣ መልካም ስም በሰው እጅ ያለና በአንድ ቀን የሚጠፋ ነገር መሆኑን በዚህ ተማረ።

በዚያው ዘመን በንግሥት ማርግሪት ቤት ምጽዋት ከሚያከፋፍሉት ካህናት አንዱ ሆነ። ድኾችን በቅርብ ማየት ጀመረ። በ1611 ዓ.ም. አሥራ አምስት ሺህ የፈረንሳይ ሊቭር የሆነ ከፍተኛ ገንዘብ በስጦታ ባገኘ ጊዜ፣ የቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር ወንድሞች ለሚመሩት ሆስፒታል ሙሉ በሙሉ አስረከበው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ዕረፍት ይመኝ የነበረው ሰው የሚመኘውን ዕረፍት የሚገዛበትን ገንዘብ ለሕሙማን ሰጠ ማለት ነው። መንፈሳዊ መሪውም በኋላ ካርዲናል የሆኑት አባ ፒየር ደ ቤሩል ነበሩ።

የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ በንግሥቲቱ ቤት አንድ የነገረ መለኮት ሊቅ በእምነት ጥርጣሬ ተይዞ እጅግ ይሠቃይ ነበር። ቪንሰንት ያ ሥቃይ ከሊቁ ተነሥቶ በእርሱ ላይ እንዲሆን ጸለየ፤ ጥርጣሬውም በእርሱ ላይ ወረደ። ጸሎተ ሃይማኖትን በወረቀት ጽፎ በደረቱ ላይ ይዞ፣ መናገር ባቃተው ጊዜ እጁን በወረቀቱ ላይ እያኖረ እምነቱን ይመሰክር ነበር። ይህ ጨለማ የተገፈፈለት፣ ስለ ክርስቶስ ፍቅር ዕድሜውን ሙሉ ለድኾች ለመስጠት በቆረጠ ጊዜ ነው ይባላል።

በ1612 ዓ.ም. በፓሪስ አጠገብ የክሊሺ ቁምስና ቆሞስ ሆኖ ከገበሬዎች ጋር በደስታ ኖረ። በተከታዩ ዓመት ግን ደ ጎንዲ በሚባሉት ታላላቅ መኳንንት ቤት የልጆች መምህር እንዲሆን ተጠራ።

የ1617 ዓ.ም. ሁለት ትምህርቶች

በጥር 1617 ዓ.ም. በመኳንንቱ ርስት በምትገኝ ጋን በምትባል መንደር የታመመ አንድ ሽማግሌ ገበሬን ኑዛዜ እንዲቀበል ቪንሰንትን ጠሩት። ሰውየው በመንደሩ ዘንድ እንደ ጻድቅ የሚቆጠር ነበር። ነገር ግን በእፍረት ምክንያት ለብዙ ዓመታት ከባድ ኃጢአቶችን ከካህኑ ሰውሮ ኖሮ ነበር። መላ ሕይወቱን በተናዘዘ ጊዜ ታላቅ ሰላም አገኘ፤ ጉዳዩንም ለእመቤት ደ ጎንዲ ሳያፍር ገለጸላቸው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ዐረፈ። በእመቤቲቱ ምክር ቪንሰንት በጥር 25 ቀን በፎልቪል ቤተ ክርስቲያን ስለ ንስሐ ሰበከ። ለኑዛዜ የመጣው ሕዝብ እጅግ በመብዛቱ ካህናቱ ስላልበቁ ከአሚያን ከተማ ኢየሱሳውያን ካህናት መጥተው መርዳት አስፈለጋቸው። የገጠር ሕዝብ የሚያስተምረውና የሚያናዝዘው አጥቶ መኖሩን ቪንሰንት በዓይኑ አየ። እርሱ ሹመት ሲፈልግ በቆየባቸው ዓመታት እንዲህ ያለው ሕዝብ እረኛ ሲጠብቅ ነበር።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ በምሥራቅ ፈረንሳይ በሻቲዮን ቁምስና ቆሞስ ሆኖ ሳለ፣ አንድ እሑድ ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ ሲለብስ ከከተማው ወጣ ባለ ስፍራ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ በሕመም የወደቁበት ቤት እንዳለ ተነገረው። በስብከቱ ስለዚህ ቤተሰብ ለሕዝቡ አሳሰበ። ከሰዓት በኋላ ራሱ ሊጠይቃቸው ሲሄድ መንገዱ ምግብ ተሸክመው በሚሄዱና በሚመለሱ ሴቶች ተሞልቶ አገኘው። ከሙቀቱ ብዛት የተነሣ ብዙዎቹ በየመንገዱ ዳር ዐርፈው ነበር።

ይህን ያየ ሰው በሕዝቡ ቸርነት ተደስቶ ሊመለስ ይችል ነበር። ቪንሰንት ግን ሌላ ነገር አስተዋለ፤ ምግቡ ዛሬ ከሚበላው በላይ በመሆኑ ይበላሻል፤ ሕሙማኑም ነገ እንደ ገና ይራባሉ። ፍቅር አለ፤ ሥርዓት ግን የለውም። ድንገተኛ ርኅራኄ ልባችንን ያሞቃል፤ የድኻው ረኀብ ግን በየቀኑ የሚመለስ ነው። ሰጪው የሚፈልገው የራሱን ልብ ማሳረፍ ከሆነ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ የድኻውን መዳን ከፈለገ ግን ነገም ከነገ ወዲያም ሊመለስ ይገባዋል።

ስለሆነም ቪንሰንት ጥቂት ሴቶችን ሰብስቦ ሕሙማንን በየተራ የሚያገለግል ማኅበር አቋቋመ። በታኅሣሥ 8 ቀን 1617 ዓ.ም. ማኅበሩ በሥርዓት ተመሠረተ። የጻፈላቸው ደንብ ማን እንደሚመራ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ በዝርዝር ይወስናል፤ ከዚህም አልፎ ሕመምተኛው እንዴት እንደሚመገብ ይናገራል። ተረኛዋ በደስታ ፊት ሰላምታ ትሰጠዋለች፤ ማዕዱን በአልጋው ላይ ታዘጋጃለች፤ እጁን ታስታጥበዋለች፤ የማዕድ ጸሎት ታደርሳለች፤ የምታገለግለው ልጇን፣ ይልቁንም ጌታን ራሱን እንደሆነ አድርጋ በፍቅር እንዲበላ ታበረታታዋለች። በቤቱ ሰው ካለው ሕመምተኛ ጀምራ ብቻውን በሚኖረው ላይ እንድትጨርስ ደንቡ ያዝዛል፤ ይኸውም ብቸኛ ከሆነው ዘንድ ረዘም ላለ ጊዜ እንድትቆይ ነው። ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ የሚያስብ ሰው እንዲህ ያለውን ደንብ አይጽፍም።

ሥጋና ደም

በ1623 ዓ.ም. ገደማ ቪንሰንት የትውልድ መንደሩን ጎበኘ። ከዘመዶቹ ጋር ቀናትን አሳለፈ፤ ከቤተ ክርስቲያናቸው እስከ ቡግሎዝ የእመቤታችን መቅደስ ድረስ በባዶ እግሩ ተጓዘ። ከእርሱ ምንም ሀብት እንዳይጠብቁም በግልጽ ነገራቸው። ነገር ግን ተሰናብቶአቸው ሲሄድ ድኽነታቸውን አስቦ በመንገዱ ሁሉ አለቀሰ። ከዚያም ለሦስት ወራት ያህል ወንድሞቹንና እኅቶቹን የማበልጸግ ሐሳብ አላስተኛ አላስቀምጥ አለው። እግዚአብሔር ከዚህ ሐሳብ እንዲያሳርፈው ደጋግሞ ለመነ፤ በመጨረሻም ዐረፈ።

ወገኖቻችን፣ ይህን የቅዱሱን ትግል ቀለል አድርገን አንመልከተው። በአገራችን ለዘመድ ማድላት እንደ ግዴታ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ዘመድን መርዳት ክርስቲያናዊ ግዴታ ነው፤ የድኾች የሆነውን ወስዶ ዘመድን መርዳት ግን ስርቆት ነው። ቪንሰንት በኋላ በእጁ ብዙ ሺህ ሊቭር አልፏል፤ ቤተሰቡ ግን ገበሬ እንደሆነ ቀረ።

ከዚህ በኋላ አንድ የወንድሙ ልጅ የገበሬ ልብሱን እንደ ለበሰ ሊጠይቀው ወደ ፓሪስ መጣ። ቪንሰንት በመጀመሪያ አፍሮ በስውር ወደ ክፍሉ እንዲያመጡለት አሰበ። ወዲያው ግን ልቡ ስለወቀሰው ራሱ ወርዶ ልጁን አቀፈው፤ እጁን ይዞም በማኅበሩ ካህናት ፊት አቀረበው፤ ሊጎበኙት ለመጡ ታላላቅ ሰዎችም አስተዋወቀው። አባቱን ያሳፈረበትን ቀን አልረሳም ነበር። የቀድሞው ድካም ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ ራሱን ማሳየቱ፣ ቅዱሳንም የልባቸውን ሐሳብ ዕለት ዕለት መመርመር እንደሚያስፈልጋቸው ያስተምረናል።

ማኅበሮቹና ሠራተኞቻቸው

በ1625 ዓ.ም. በደ ጎንዲ ቤተሰብ ርዳታ ለገጠር ድኾች ወንጌልን የሚሰብክ የካህናት ማኅበር ተመሠረተ። በ1632 ዓ.ም. ማኅበሩ በፓሪስ የቅዱስ አልዓዛር ገዳም ስለገባ አባላቱ ላዛሪስት ተብለው እስከ ዛሬ ይጠራሉ። ር.ሊ.ጳ. ኡርባኖስ 8ኛ በ1633 ዓ.ም. አጸደቁት።

በፓሪስ የፍቅር ማኅበራት ውስጥ ብዙ ባለጸጋ ሴቶች ተመዝግበው ነበር። ጥቂት ጊዜ እንዳለፈ ግን አንዳንዶቹ ድስት ተሸክሞ በድኻ ሰፈር መሄድ ስለከበዳቸው፣ በእነርሱ ፈንታ የቤት ሠራተኞቻቸውን መላክ ጀመሩ። ስማቸው በማኅበሩ መዝገብ ይገኛል፤ እጃቸው ግን የለም። የተላኩትም ሠራተኞች የሚሄዱት ታዝዘው እንጂ ወደው አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ ወገን ነው። ማርግሪት ናሶ የምትባል የሱሬን መንደር ላም ጠባቂ፣ ፊደል የሚያውቅ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር እየጠየቀች ማንበብ ተምራ፣ ሌሎች ልጃገረዶችን ታስተምር ነበር። በ1630 ዓ.ም. ድኾች ሕሙማንን ለማገልገል ራሷን ለቪንሰንት አቀረበች። በ1633 ዓ.ም. በወረርሽኝ የተያዘች ሴት በራሷ አልጋ ላይ አስተኝታ ሕመሙ ስለያዛት ዐረፈች። በዚያው ዓመት በኅዳር 29 ቀን ሉዊዝ ደ ማሪያክ የምትባል ባል የሞተባት ጠቢብ ሴት ጥቂት ልጃገረዶችን በቤቷ ተቀብላ ከቪንሰንት ጋር የፍቅር ሥራ ልጆችን ማኅበር ጀመረች። በዚያን ዘመን ገዳማውያት በቅጥር ውስጥ ተዘግተው የሚኖሩ ሲሆን፣ እነዚህ ግን ኑሯቸው በሕሙማን ቤት፣ መመላለሻቸው በከተማው ጎዳና ሆነ።

ቪንሰንት ለእነዚህ እኅቶች በሚሰጣቸው ትምህርት ደጋግሞ ያነሣው የነበረው ጉዳይ የሐሳብ ንጽሕና ነው። በጸሎት ሰዓት ድኻ ቢጠራቸው ጸሎቱን ትተው እንዲሄዱ አስተምሯቸዋል፤ እግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር ብሎ መተው ነውና። በሌላ በኩል ጸሎትን የተወ አገልጋይ ብዙ ሳይቆይ የሚያገለግለው ራሱን እንደሚሆን ያውቅ ስለ ነበር፣ የማኅበሩ ካህናት በየማለዳው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው አንድ ሰዓት በጸሎት እንዲያሳልፉ አደረገ። በ1658 ዓ.ም. ለካህናቱ በሰጣቸው ደንብ የማኅበሩ መታወቂያ አድርጎ ካኖራቸው አምስት ምግባራት መካከል የመጀመሪያው ቅንነት ነው፤ ይኸውም ሁሉን ነገር ለእግዚአብሔር ብቻ ብሎ ማድረግና አንዱን እየተናገሩ ሌላውን አለማሰብ ነው።

በቤተ መንግሥትና በጦርነት

በ1638 ዓ.ም. የፍቅር ማኅበሩ ሴቶች በፓሪስ በየደጁ የተጣሉትን ሕፃናት ማሳደግ ጀመሩ። በ1647 ዓ.ም. ገደማ ገንዘቡ አልቆ ሥራውን ለመተው በተሰበሰቡ ጊዜ ቪንሰንት አልተቆጣቸውም፤ በዓለም ፊት ስለሚያገኙት ምስጋናም አልነገራቸውም። የሕፃናቱ ሕይወትና ሞት በእነርሱ ውሳኔ ላይ እንደሆነ ብቻ አስረዳቸው። ሥራው ቀጠለ።

ከ1643 ዓ.ም. ጀምሮ ንግሥት አን ስለ ጳጳሳት ሹመት በሚመክረው ጉባኤ አባል አደረገችው። በወጣትነቱ ሹመት ሲለምን የነበረው ሰው አሁን ሹመት የሚለምኑት ሆነ። ያረጀ ቀሚሱን ሳይለውጥ ወደ ቤተ መንግሥት ይገባ ነበር፤ ለማይገባቸው ሰዎች ግን በታላላቆች አማላጅነት እንኳ አልፈቀደም። የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በጥር 1649 ዓ.ም. ከፓሪስ ወጥቶ የሞላውን የሴን ወንዝ በፈረስ ተሻግሮ፣ ስለ ሕዝቡ ረኀብ ሲል ሚኒስትሩን ካርዲናል ማዛሪንን እንድታሰናብት ንግሥቲቱን ለመናት። ልመናው አልተሰማም። በፓሪስ ያሉት ደግሞ የቤተ መንግሥት ወገን ነው ብለው የማኅበሩን ቤት ዘረፉት። ከሁለቱም ወገን ምስጋና አላገኘም፤ በጦርነቱ ዓመታት ግን ከእርሱ ጋር የሚሠሩት ሁሉ በፓሪስና በዙሪያዋ ላሉ በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ሾርባ ማብሰላቸውን አላቋረጡም። ምስጋና ፈልጎ የጀመረው ሥራ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ባቆመ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት እግሮቹ ቆስለው መራመድ ተሳነው። ሉዊዝ ደ ማሪያክ በመጋቢት 1660 ዓ.ም. ዐረፈች፤ እርሱም በመስከረም 27 ቀን በዚያው ዓመት፣ ማኅበሩ ለጸሎት በሚነሣበት ማለዳ፣ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነፍሱን ለፈጣሪው ሰጠ። በ1737 ዓ.ም. ቅድስናው ታወጀ፤ በ1885 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛ የፍቅር ሥራ ማኅበራት ጠባቂ አደረጉት።

የእርሱ ሥራ ወደ እኛም ደርሷል። በ1839 ዓ.ም. ዓድዋ የገባውና ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ ብሎ የጠራው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ የዚህ ማኅበር ልጅ ነው። እርሱም የአገሩን ሰው ቋንቋ ተምሮ፣ በአገሩ ሰው ኑሮ ኖሮ፣ እንደ አገልጋይ እንጂ እንደ ጌታ ሳይሆን በመካከላችን ተመላልሷል።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ከቅዱሱ ሕይወት የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ ሐሳባችን ፍጹም ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ከአገልግሎት መራቅ እንደሌለብን ነው። ቪንሰንት ልቡ ነጽቶ ወደ ድኾች አልሄደም፤ ወደ ድኾች እየሄደ ልቡ ነጻ። በሥራችን ውስጥ የክብር ፍላጎት መኖሩን ብናውቅ ሥራውን አንተው፤ ፍላጎቱን በንስሐ እናምጣው።

ሁለተኛው፣ ራሳችንን የምንመረምርባቸው ምልክቶች መኖራቸው ነው። ሥራው በሌላ ሰው እጅ ቢሳካ ደስ ይለናል ወይስ እናዝናለን? ያስተማርናቸው ሕፃናት ወደ ሌላ መምህር ቢዛወሩ ቅር ይለናል? ማንም የማያየው ብቸኛ ሕመምተኛ ዘንድ የምንቆየው ስንት ደቂቃ ነው? የማኅበራችንን ሒሳብ ስንጠየቅ እንቆጣለን? የሚረዳው ሰው ሳያመሰግነን ቢቀር በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቤቱ እንመለሳለን?

ሦስተኛው፣ የቀና ሐሳብ በስሜት ብቻ እንደማይጠበቅ ነው። ተራ፣ መዝገብ፣ ሒሳብና ደንብ የፍቅር ጠላቶች አይደሉም፤ ስሜታችን በቀዘቀዘ ቀን ድኻው እንዳይራብ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። ጸሎት ደግሞ ደንቡ ባዶ ሥራ እንዳይሆን ይጠብቀዋል።

በየቁምስናው ያላችሁ የፍቅር ሥራ አባላትና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በመስከረም 27 ቀን የሚከበረውን የቅዱሱን በዓል ምክንያት በማድረግ እነዚህን ጥያቄዎች በስብሰባችሁ እንድትወያዩባቸው አደራ እንላለን። ለድኾች ብሎ ድኻ የሆነው ጌታችን የእጆቻችንን ሥራ ይባርክልን፤ የልባችንንም ሐሳብ ያቅናልን። አሜን።